ካዳቨር ላይ አናቶሚ መማር፦ ተማሪዎቹ ምን ይላሉ፣ ለምንስ ይከፋፈላሉ?

አንድ የሕክምና ተማሪ አግኝታችሁ «አናቶሚን (የሰውን አካል አወቃቀር) በካዳቨር (በሰው አስከሬን) መማር ይሻላል ወይስ በኮምፒውተር?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ሳያመነታ «በካዳቨር ነዋ!» የሚላችሁ ይበዛል። ቀጥላችሁ «እሺ፣ አንተ ስትሞት አስከሬንህን ለላብ (ለአናቶሚ ላቦራቶሪው) ትሰጣለህ?» በሉት። ያኔ ነገሩ ይቀየራል። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ «ቤተሰቦቼ አይፈቅዱም» ይላል፣ ሌላው በግልጽ «አይ፣ እኔስ አልሰጥም» ይላል። ሁለቱ መልሶች ከአንድ አፍ ስለወጡ ተማሪውን አልወቅሰውም። ጉዳዩ ራሱ ከባድ ነው፤ ሳይንስ አለበት፣ ጤና አለበት፣ ገንዘብ አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው አለበት።

ላብ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ስውል የምሰማቸው አስተያየቶች ከየት እንደሚመጡ ላስረዳ ብዬ ነው የምጽፈው። የራሴንም አቋም አልደብቅም።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው። ካዳቨር የምንለው ለትምህርት ተብሎ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተጠበቀ የሰው አስከሬን ነው። የሕክምና ተማሪ ዋርድ ገብቶ በሽተኛ ከማየቱ በፊት ባሉት ዓመታት፣ እኛ አገር ፒሲ ዋን፣ ፒሲ ቱ በሚባሉት፣ የሰውን አካል ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ይማራል። ክላስ ውስጥ በስላይድ ያየውን ጋውን ለብሶ፣ ጓንት አጥልቆ ላብ ውስጥ ይፈልገዋል። ቆዳውን ገልጦ፣ ስቡን አንስቶ፣ ጡንቻን ከጡንቻ ለይቶ ነርቩንና የደም ሥሩን ራሱ ማግኘት አለበት። ይህ ዲሴክሽን ይባላል። መምህሩ ወይም የላብ ቴክኒሻኑ አስቀድሞ ከፍቶ ያዘጋጀውን አካል ማየትና መንካት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፕሮሴክሽን ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ የተማሪዎቹ ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

አስከሬኑ እንዴት ነው ወራትና ዓመታት የሚቆየው? ሰው ሲሞት በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎችና የገዛ ራሱ ኢንዛይሞች ሰውነቱን ማፍረስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጊዜ ሳይፈጅ ጭን ወይም አንገት ላይ ያለ ትልቅ አርተሪ (ደም ከልብ የሚያወጣ የደም ሥር) ይከፈትና በቀጭን ቱቦ ብዙ ሊትር ፈሳሽ ይገባበታል። ልብ ደም ሲረጭባቸው የኖሩት መንገዶች አሁን ፈሳሹን እስከ ጣት ጫፍ ያደርሱታል። የፈሳሹ ዋና ነገር ፎርማሊን ነው፤ ፎርማልዲሃይድ የሚባለው ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ማለት ነው። ከእሱ ጋር አልኮል፣ ፌኖልና ግሊሰሪን ይደባለቃሉ፤ ፌኖሉ ሻጋታ እንዳይወጣ፣ ግሊሰሪኑ አካሉ እንዳይደርቅ። ፎርማልዲሃይድ የሰውነትን ፕሮቲኖች እርስ በርስ ያስተሳስራል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚረጋ ሁሉ ሥጋውም ይረጋል፣ ከረጋ በኋላ ባክቴሪያ ሊያፈርሰው አይችልም። ፎርማሊን ይህን እንደሚያደርግ ያስተዋለው ፈርዲናንድ ብሉም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1893። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ቶሎ ቶሎ፣ በተለይ በብርድ ወራት፣ ሳይሸት ለመጨረስ ይሽቀዳደሙ ነበር።

ፎርማሊን አስከሬኑን ሲያቆይ መልኩን ይቀይረዋል። ሥጋው ይጠነክራል፣ መገጣጠሚያው እንደ ልብ አይታጠፍም፣ ቀለሙ ሁሉ ወደ ግራጫና ቡናማ ይሄዳል። አዲስ ተማሪ አትላሱን፣ የአካል ክፍሎች የተሳሉበትን መጽሐፍ፣ ይዞ ይመጣል። አትላሱ ላይ አርተሪ ቀይ፣ ቬን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው የደም ሥር) ሰማያዊ፣ ነርቭ ቢጫ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሦስቱም በቀለም አይለዩም። «የቱ ነው ነርቩ?» ይላል፣ አጠገቡ ያለው ጓደኛውም አያውቅም። መልሱ ያለው ጣት ላይ ነው። አርተሪው ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ክብነቱን ይይዛል። ቬኑ ስስ ነው፣ ሲጫኑት ይጨፈለቃል። ነርቩ ውስጡ ድፍን ነው፣ በጣት መሃል ሲያንከባልሉት ይታወቃል። ብሽሽት ላይ እነዚህ ሦስቱ ከጎን ወደ መሃል ነርቭ፣ አርተሪ፣ ቬን ሆነው ይደረደራሉ። ይህን አንድ ጊዜ በጣቱ የለየ ልጅ፣ ዓመታት ቆይቶ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ቦታ የደም ሥር ጠፍቶበት ከብሽሽት ደም መቅዳት ሲኖርበት መርፌውን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ተማሪዎች «ካዳቨርን የሚተካው የለም» ሲሉ በአብዛኛው ይህን ነው የሚሉት፣ ምንም እንኳ በዚህ ቃል ባይገልጹት።

ሌላም ምክንያት አላቸው፣ ለእኔ እንዲያውም ይህኛው ይበልጣል። አትላስ የሚያሳየው አንድ ሰው ነው፣ ያውም የትም የሌለ፣ ከብዙ ሰው ተውጣጥቶ የተሳለ። እውነተኛ ሰው ግን ከሰው ይለያል። እዚሁ መሞከር ትችላላችሁ። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣታችሁን አገናኙና የእጃችሁን አንጓ ትንሽ ወደ ራሳችሁ እጠፉት። አንጓው መሃል ላይ አንድ ጅማት ተወጥሮ ብቅ ካለ፣ ፓልማሪስ ሎንገስ የሚባለው ጡንቻ አላችሁ ማለት ነው። ካልወጣ ምናልባት ጭራሹን የላችሁም፣ ምንም አትሆኑም፣ እጃችሁም አይደክምም። አንዳንድ ሰው በአንዱ እጁ ኖሮት በሌላው ላይ የለውም። የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ሌላ ቦታ የተበጠሰ ጅማት ለመተካት ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ተማሪው ካዳቨሩ ላይ ይህን ጡንቻ ፈልጎ ሲያጣ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሄዶ ሲያይ አለ። እዚያው ቆሞ የሰው አካል አንድ ወጥ እንዳልሆነ ይገባዋል። ነገ ቢላ ይዞ ኦፕሬሽን ክፍል ሲቆም ይህ ግንዛቤ የሰው ሕይወት ያተርፋል።

ከቅሬታዎቹ አንደኛው ሽታው ነው። ላብ ሲገባ ዓይን ያቃጥላል፣ አፍንጫ ይበላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ራስ የሚያማቸውም አሉ። ሽታው ጸጉር ላይ፣ ሹራብ ላይ አብሮ ወደ ዶርም ይሄዳል። ይህን እንደ ቅብጠት የሚያዩ መምህራን አሉ፣ «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» የሚሉ። ተማሪዎቹ ግን ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ፎርማልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2004 ወስኗል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት ሕግ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ጋዙ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ከ0.75 እጅ በላይ መሆን የለበትም፤ ለአጭር ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ እስከ 2 ይፈቀዳል። ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው። ቴክኒሻኑ ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ነው፣ ስለ እሱ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። ጋዙ ከአየር ትንሽ ይከብዳል፣ ከአስከሬኑ ላይ ተነሥቶ በጠረጴዛው ከፍታ፣ ጎንበስ ያለ ተማሪ ፊት ላይ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አየር የሚስበው ማሽን ኮርኒስ ላይ ብቻ ተሰቅሎ ብዙ አይረዳም፣ ከጠረጴዛው ጎን ወይም ከሥር መሳብ አለበት። ማሽኑ ከሌለ መስኮቶቹን ወለል አድርጎ መክፈት፣ ከመግባት በፊት ማናፈስ፣ አካሉን ለሥራ ከማቅረብ በፊት በውሃ ማጠብ። ኮንታክት ሌንስ ማድረግ አይመከርም። አስም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ተማሪ አስቀድማ ለመምህሩ ትንገር፣ ይህ ማፈሪያ አይደለም።

ፎርማሊንን የሚቀንሱ ዘዴዎችም አሉ። በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ ዋልተር ቲል የተባለ አናቶሚስት በ1992 ያሳተመው ዘዴ በጨዎችና በጣም ጥቂት ፎርማሊን ይሠራል። አካሉ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ክንዱ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ወደ ሕያው ሰው ይቀርባል። ችግሩ ውድ ነው። ሌላው ፕላስቲኔሽን ነው፤ ጉንተር ፎን ሃገንስ በ1977 ሃይድልበርግ ውስጥ የፈጠረው። ከአካሉ ውሃና ስብ በአሴቶን ይወጣል፣ ቀጥሎ አሴቶኑ በቫኪዩም ተስቦ በቦታው ሲሊኮን ይገባል። የሚወጣው ነገር ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ በባዶ እጅ ይያዛል፣ ለዓመታት ያገለግላል። መቁረጥ ግን አይቻልም፣ ስለዚህ ለማየት እንጂ ለዲሴክሽን አይሆንም።

ሁለተኛው ቅሬታ፣ እኛ አገር ከሽታውም በላይ የምሰማው፣ «አልደረሰኝም» የሚል ነው። የካዳቨር ትምህርት ጥቅሙ በእጅ መንካቱ ነው አልን። ግን ሃያም ሠላሳም ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ የሚነካው ማነው? የፊተኛው ረድፍ ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ረድፍ ያያል፣ ከኋላ ያለው የጓደኞቹን ጀርባ ያያል። በረጅም ቁመታቸው የሚያዩ አሉ፣ ወንበር ላይ የሚቆሙ አሉ፣ ተስፋ ቆርጠው ስልካቸው ላይ ቪዲዮ የሚከፍቱ አሉ። በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አንድ ካዳቨር ለ4 እስከ 8 ተማሪ ነው። እኛ ጋ በ2004 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የተማሪው ቁጥር አደገ፣ ሐኪም ያስፈልገን ስለነበር ደግ ነገር ነው፤ ካዳቨር ግን በበጀት ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፣ ከተማሪው ጋር አብሮ አላደገም።

እዚህ ላይ ነው ዲሴክሽንና ፕሮሴክሽን የሚለያዩት። ካዳቨሩ ጥቂት ከሆነና ሁሉም «እኔ ልቁረጥ» ካለ፣ ያልለመደ እጅ ነርቩን ከስቡ ጋር ጠርጎ ያወጣዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቡድን የሚያየው ነገር አይኖርም። ልምድ ያለው ሰው በጥንቃቄ ያዘጋጀው አንድ ክንድ ግን ለብዙ ቡድን፣ ለብዙ ዓመት ያስተምራል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም፣ ምክንያቱም ስካልፔል (የቀዶ ጥገና ቢላ) መያዝ ሐኪም የመሆን ስሜት ይሰጣል፣ ይገባኛል። የእኔ አቋም ግን ይህ ነው፦ ካዳቨር ባነሰበት ቦታ ሁሉም በዝግጁ አካል ይማር፣ ዲሴክሽኑ ደግሞ በፈቃዳቸው ለሚጨምሩና ወደ ቀዶ ጥገና ለሚያዘነብሉ፣ በትንሽ በትንሽ ቡድን ይሁን። ሠላሳ ሰው «ዲሴክት አድርጌያለሁ» እያለ ሦስት ሰው ብቻ የሠራበት ላብ ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ኮምፒውተሩስ? ዛሬ አካልን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳዩ አፖች ስልክ ላይ አሉ፣ ሰው የሚያክል ስክሪን ያላቸው ጠረጴዛዎችም አሉ። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ፔኒንሱላ ይባል የነበረው የሕክምና ትምህርት ቤት በ2002 ሲከፈት ያለ ካዳቨር ነው ማስተማር የጀመረው። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በ2019 በከፈተው አዲስ ግቢ ተማሪዎች በዓይን በሚጠለቅ መሣሪያ አካሉን አየር ላይ እያዩ ይማራሉ። ፈተና ላይስ? በ2018 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ትንተና፣ ዲሴክሽን የሠሩ ተማሪዎችና በፕሮሴክሽን፣ በሞዴል ወይም በዲጂታል የተማሩት በአናቶሚ ፈተና ውጤት እንደማይበላለጡ አሳይቷል።

ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ይከራከሩኛል። ክርክራቸውም ሚዛን ይደፋል። ፈተናው የሚለካው «ይህ ምንድነው?» የሚለውን ነው፣ ስሙን ማወቅን። ስብ ውስጥ የተደበቀ ነርቭ ሳይበጥሱ ማውጣትን፣ ሳንባ በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚከብድ፣ የሞተ ሰው አጠገብ ረጋ ብሎ መሥራትን አይለካም። ስክሪን ላይ ተሳስቶ የተቆረጠ ነገር «ወደኋላ» ሲባል ይመለሳል። ካዳቨሩ ላይ አይመለስም፣ ተማሪው ያን ጊዜ ይጠነቀቃል። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር ግን አይታየኝም። ማታ ዶርም ውስጥ በአፕ አጥንቶ ጠዋት ላብ የሚገባ ልጅ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ቶሎ ያገኘዋል፣ ለጓደኛውም ቦታ ይለቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በብዙ አገር የተጠኑ ጥናቶች ተመሳሳይ ነገር ነው የሚናገሩት፦ የመጀመሪያው ቀን የሚያስጨንቃቸው ብዙ ናቸው፣ ከሳምንታት በኋላ ግን አብዛኞቹ ይለምዱታል። የሚከብደው የቱ የአካል ክፍል እንደሆነ ስትጠይቁ ደግሞ ደጋግመው የሚነሡት ፊትና እጅ ናቸው። ጀርባ ላይ መሥራት ይቀላል፣ አካሉ በሆዱ ተኝቷል፣ ፊቱ አይታይም። እጅ ላይ ሲደርሱ ግን ሰው ነው። የጥፍር ቀለም ቅሪት፣ ሥራ ያሻከረው መዳፍ፣ አንገት ላይ የተነቀሰች መስቀል። ንቅሳቷን ያየች ተማሪ የገዛ አያቷን አስታውሳ ጋውኗን አውልቃ ትወጣለች፣ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ለሳምንታት ሥጋ መብላት የሚያቅታቸው አሉ። ሕልም የሚረብሻቸው አሉ። ይህ ድክመት አይደለም፣ ለሐኪምነትም አለመሆንን አያሳይም። ወጥቶ አየር ወስዶ መመለስ ይቻላል፣ ለመምህሩ መናገርም ይቻላል። ችግሩ ላብ ውስጥ «አይዞሽ» የሚል ሰው በአብዛኛው ጓደኛ ብቻ መሆኑ ነው።

መልመዱም የራሱ አደጋ አለው። ጭንቀቱን ለማባረር ቀልድ ይጀመራል፣ ለካዳቨሩ ስም ይወጣል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ያን ሰው የሚያውቅ፣ ዓመታት ሲፈልገው የኖረ ዘመድ ያንን ፎቶ ሊያይ ይችላል። ስልክ ላብ ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም። በዚህ ጉዳይ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከእኔ ጋር ናቸው፣ እንዲያውም ከመምህራን በላይ የሚቆጡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ዘግይቶ የሚመጣው ጥያቄ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ላቡ ሲያልቅ፣ አንዱ ጓንቱን እያወለቀ ነው። «ዶክ፣ ይህ ሰው ግን ማነው?»

መልሱ ቀላል አይደለም። እኛ አገርና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ላብ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው ቤተሰብ ያልተገኘላቸው ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ የወደቁ፣ ሆስፒታል ገብተው ጠያቂ ያጡ፣ ከሩቅ አገር ለሥራ ከተማ መጥተው አድራሻቸው ያልታወቀ። እኛ ጋ ሰው «ቀባሪ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። ያ ጠረጴዛ ላይ የተኛው ሰው ያ ጸሎት ያልደረሰለት ነው። ድንኳን አልተተከለለትም፣ ዕድሩ አልመጣም፣ ክርስቲያን ከሆነ ፍትሐት፣ ሙስሊም ከሆነ ሶላተል ጀናዛ አልተደረገለትም። ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። ተማሪው ይህን ሲረዳ የሚሰማው ነገር ከፎርማሊኑ ይልቅ ዓይን ያቃጥላል፣ ሊሰማውም ይገባል።

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በስኮትላንድ ኤደንብራ ከተማ በ1828 ቡርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች አስከሬን ለአናቶሚ መምህር ለመሸጥ ሲሉ 16 ሰው ገደሉ፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ። ቡርክ ተሰቀለ፣ እሱም ራሱ በዲሴክሽን ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ፣ አጽሙ እስከ ዛሬ እዚያው ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንግሊዝ በ1832 ባወጣችው ሕግ የአስከሬን ንግዱ ቆመ፣ ግን እንዴት? በየድሆች መጠለያውና ሆስፒታሉ የሞቱ፣ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች ለትምህርት ቤቶች እንዲሰጡ በመፍቀድ። ነፍሰ ገዳዩ ቀረ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ግን ያው ድሃው ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1920ዎቹ አንድ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሰዘርላንድ ከምትባል ከተማ አካባቢ ሳንና ኮይ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሆኑ ሠራተኞችን መቃብር ቆፍሮ አጽማቸውን ለትምህርት ክፍሉ ሰጠ። ዩኒቨርሲቲው ነገሩን ካወቀ በኋላ ዘሮቻቸውን ፈልጎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በ2023 ኅዳር ላይ 9ኙ ሰዎች በክብር ተመልሰው ተቀበሩ። ወደ መቶ ዓመት ፈጀ።

ዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ ለትምህርት የሚውለው አስከሬን በሕይወት እያለ በጽሑፍ ፈቃዱን የሰጠ ሰው መሆን አለበት። በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንደዚያ ነው። በጀርመን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የሟቾቹን ቤተሰቦች ጠርተው መታሰቢያ ያደርጋሉ፣ ዜማ ያቀርባሉ፣ ያመሰግናሉ። በታይዋን ጹ ቺ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ለጋሹ ቤት ይሄዳሉ፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለው እንዴት ያለ ሰው እንደነበረ ይሰማሉ። በሕንድ የዌስት ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ የመራው ጆዮቲ ባሱ በ2010 ሲሞት፣ አስከሬኑ አስቀድሞ በገባው ቃል መሠረት ለሆስፒታል ተሰጠ። ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው ድሃው ብቻ መሆኑ ሲቀር ሰው ስለ ጉዳዩ ያለው አመለካከትም ይለወጣል።

እኛ ጋስ ይቻላል? ተማሪዎች «ባህላችን አይፈቅድም» ብለው ይዘጉታል። እኔ እንደሱ አላስብም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ2003 ጀምሮ እየሠራ ነው፣ ሰዎች በሕይወት እያሉ ቃል እየገቡ፣ ቤተሰቦቻቸውም ቃሉን እያከበሩ፣ ማየት የተሳናቸው ብርሃን እያገኙ። በእርግጥ ዓይን መስጠትና ሙሉ አስከሬን መስጠት አንድ አይደሉም። ዓይን የሰጠ ሰው በዚያው ቀን ይቀበራል፣ አስከሬን የሰጠ ሰው ግን ቀብሩ ይዘገያል፣ አርባው ያለ መቃብር ሊወጣ ይችላል። ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ቀብርን ማፋጠን ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካህናትና ኡለማዎች ገና ከመጀመሪያው ተጠርተው ሊመክሩበት ይገባል፣ ካለቀ በኋላ እንዲባርኩት ሳይሆን።

ተማሪዎቹ ራሳቸው የማይሰጡትስ? ይህም በብዙ አገር የታየ ነው። አየርላንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ዲሴክሽን ከጀመሩ በኋላ አስከሬናቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ቁጥር ከበፊቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። አይገርመኝም። ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን በዓይናቸው አይተዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቤቶቹን የሚመለከት ነው፦ ተማሪው «እኔ እዚህ ብተኛ እንዲህ ይያዙኛል» ብሎ የሚተማመንበት ላብ ካልሆነ ቤተሰብን «አባታችሁን ስጡን» ማለት አይቻልም። ያልተሠራበት የአካል ክፍል ይሸፈን። እያንዳንዱ የተቆረጠ ነገር፣ ስቡም ሳይቀር፣ ከማን እንደተወሰደ ታውቆ ለብቻ ይቀመጥ፣ በመጨረሻም ከባለቤቱ ጋር ይቀበር። ይህን ዛሬም በእጃቸው ባሉት፣ ፈቃዳቸው ባልተጠየቀው ሰዎች ላይ መጀመር ይችላሉ፤ ሕግም በጀትም አይጠብቅም። በአንድ ላብ የነበሩ ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ሥራው ሲያልቅ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ተማሪዎቹም ሳይነገራቸው እሳቸውን አይተው ማድረግ ጀመሩ።

መስጠት ለሚያስቡ አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር፣ በተለይ ውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ጉዳዩ እዚያ ዕለታዊ ስለሆነ። ቃል የሚገባው በአብዛኛው ለአንድ የተወሰነ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ቅጹ በሕይወት እያሉ ተሞልቶ፣ በምስክር ፊት ይፈረማል፣ ሐሳብ ሲቀየር ይሰረዛል። ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር የግድ ነው፣ ሲሞቱ የሚደውሉት እነሱ ናቸው፣ የሚደወለውም ወዲያው ነው። አካሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ማቃጠሉን ሃይማኖታችሁ ካልፈቀደ ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ፣ አጽሙን ለቤተሰብ የሚመልሱ አሉ፣ የማይመልሱም አሉ። ቃል የገባ ሰው ሁሉም ተቀባይነት አያገኝም። የሞት ምርመራ ተደርጎለት ከተከፈተ፣ እንደ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ያለ ተላላፊ በሽታ ካለበት ወይም ከሞተ ቆይቶ ከተገኘ ላይቀበሉት ይችላሉ። ስለዚህ ቅጹ ቢፈረምም ዕድሩን አትልቀቁ፣ የቀብሩም ነገር ከቤተሰብ ጋር ተነጋግራችሁበት ይቀመጥ።